መሐላ ይፈርሳል ወይስ ይፈታል?

ጥያቄ፦ ስለ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን መውረድ ሳነብ «አቡኑ መኳንንቱን ከመሀላቸው ፈቷቸው» የሚል አገኘሁ። እኔ የማውቀው መሀላ ሲፈርስ ነው። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገቡት ግን ታሪኩ ይዛባል።

መሐላ የሚያፈርሰው ራሱ የማለው ሰው ነው። የሚፈታው ደግሞ የማሰር ሥልጣን ያለው ነው። ያሰረ ይፍታ ይባል የለ?

በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሲያውጁ መኳንንቱ ማሉ። በመሐላው ላይ ደግሞ እርግማንና ግዝት ተጨመረበት። መሐላ ከራስ አፍ ይወጣል፤ ግዝት ግን ከካህን አፍ ወጥቶ ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የማለው ሰው ብቻውን ሊያነሣው አይችልም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሊያወርዱ ሲሰበሰቡ ክሱ ተዘጋጅቷል፤ ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል የሚል ነበር። የቸገራቸው ያ የድሮ መሐላ ነው። እሱን የፈቱላቸው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊው «መሐላቸውን አፈረሱ» ካለ መኳንንቱን ከዳተኞች ብሏቸዋል። «ተፈቱ» ካለ ደግሞ የአቡኑን ሥልጣን ተቀብሏል። በአንዲት ግሥ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

ግሧ ራሷ እኮ ፍርድ አለባት! ግዕዙ «ፈትሐ» ፈታም ፈረደም ማለት ነው። «አባ ይፍቱኝ» የምንለው፣ ለሞተ ሰው የሚደረገው ፍትሐት፣ ፍርድ ቤት ሄደን የምንጠይቀው ፍትሕ፣ ፍትሐ ነገሥትም ጭምር ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ስንት ዘመን በአንድ ግሥ ሲጠቀሙ ኖረዋል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት ሊጠብቁ እንዲምሉ ተደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ግን መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። የዛሬ ሹም «ቃለ መሐላ ፈጸመ» ይባላል፤ ሲወርድ ግን «ከመሐላው ተፈታ» አይባልም። የሚፈታው አባት የለማ! «ሥልጣን ለቀቀ» ወይም «ከሥልጣን ተነሣ» ይበሉ።

በነገራችን ላይ፣ ግዕዙ «መሐለ» ስለሆነ «መሐላ» የሚጻፈው በሐመሩ «ሐ» ነው።