መልስ፦ «ብዙ» በእንግሊዝኛ መቼ «ሜኒ»፣ መቼ «ማች» ይሆናል?

ጤና ይስጥልኝ። በአማርኛ «ብዙ ሰው»ም «ብዙ ውሃ»ም እያልን፣ እንግሊዝኛው «ሜኒ» እና «ማች» ብሎ ለምን እንደሚለያቸው ጠይቀዋል። መለያው መቁጠር ነው፤ አንድ፣ ሁለት ተብለው ለሚቆጠሩ ስሞች «ሜኒ»፣ እንደ ውሃና ስኳር በጥቅሉ ለሚታሰቡት ደግሞ «ማች» ይገባል።

እኛን አብዝቶ የሚያሳስተን ግን በአማርኛ «ምክሮች»፣ «መረጃዎች» እያልን የምናበዛቸው ስሞች በእንግሊዝኛ የማይቆጠሩ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ «አድቫይስ» እና «ኢንፎርሜሽን» ላይ «ኤስ» አይጨመርም፣ «ሜኒ»ም አይቀድማቸውም። ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ ምንም እንኳ ብሩን አንድ በአንድ ብንቆጥረው፣ «መኒ» የሚለው ቃል «ማች»ን ይወስዳል፤ ኖቶቹ ስንት እንደሆኑ ሲጠየቅ ግን «ሜኒ» ይመለሳል።

ስለ «ጥቂት»ም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ሳያስተውሉት ሲያልፉ አያለሁና። «አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ» ያለ ሰው ጥቂትም ቢሆኑ ጓደኞች እንዳሉት ይናገራል፤ «ኤ» የምትለዋን ትንሽ ቃል ቢያስቀራት ግን ንግግሩ ጓደኛ አጣሁ ወደሚል ቅሬታ ይለወጣል። «ሊትል»ም ከማይቆጠሩ ስሞች ጋር ይህንኑ ጠባይ ያሳያል።

በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ማች» ብቻውን ብዙ ጊዜ ስለሚከብድ፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ለሁለቱም የሚሆነውን «ኤ ሎት ኦፍ» እንዲጠቀሙ እመክራለሁ።