«የትኩረት መድኃኒት የልጄን ልብ ይጎዳዋል ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ ለ16 ዓመት ልጅሽ ሜቲልፊኒዴት የሚባለው፣ ትኩረት ለሚያጥራቸው የሚሰጠው አነቃቂ መድኃኒት ታዞለት፣ ጎረቤት «ልብ ያቆማል» ስላለሽ ልጀምርለት ወይስ ልተወው ብለሽ ጠይቀሻል። የኔም ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ይኸንኑ መድኃኒት ይወስዳል። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትንና የተነገረኝን ልንገርሽ።

መድኃኒቱ ልብን ይነካል፣ ይኼ ወሬ ብቻ አይደለም። የልብ ምትን በአማካይ በደቂቃ ከ3 እስከ 6 ይጨምራል። የደም ግፊትንም ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያው) ያህል ከፍ ያደርጋል። ልቡ ጤነኛ ለሆነ ልጅ ይኼ ብዙም አያሰጋም። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆችና ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በሚወስዱት ላይ ድንገተኛ ሞትም ስትሮክም በዝቶ አላገኘም።

እኛ አገር ግን ቶንሲል ስንቱን ልጅ የልብ በሽተኛ እንዳደረገ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅሽም አንቺ ንገሪው። ልጁ ጉሮሮውን ታሞ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቃል? በየወሩ መርፌ ይወጋ ነበር? ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? የባለቤቴ ወንድም እንዲያ ነው የሞተው። ዘመድ ሁሉ «ምች መታው» ነው የሚለው። እኔ ግን ተናገርኩ፤ ሐኪሙም መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚያሳይ ምርመራ) ይነሳ አለ። ደህና ሆኖ ወጣ፣ ተመስገን።

ግፊትና ምቱ ከመጀመሩ በፊት ይለካ። መጠኑ በተቀየረ ቁጥርም፣ ከዚያ ደግሞ በየ6 ወሩ። ቤት ውስጥ እኔ አንጓውን ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ። ሐይቅ ዳር ኳስ ሲጫወት ቆይቶ እንደገባ እንዳትቆጥሪ፣ በከንቱ ትደነግጫለሽ። ይቀመጥ፣ ይረፍ። ዐርፎም ደጋግሞ ከ120 በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ደረቱን ከወጋው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

አሁን ሰው አፍሮ የማያነሳውን ላንሳ፤ ጫት። በዚህ ከተማ ለአንድ ጎረምሳ ጫት ማግኘት ምን ይከብዳል? ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው፣ እሱም ምትና ግፊት ይጨምራል። መድኃኒቱ ላይ ሲደረብ ልቡን በሁለት ጅራፍ መግረፍ ነው። ሳትቆጪ ጠይቂው፤ ከተቆጣሽማ ይደብቅሻል። በፈተና ሰሞን ቡናውንም ቀንሺለት። አፍንጫ የሚከፍት የጉንፋን ክኒን ስትገዢም ምን እንደሚወስድ ለፋርማሲው ንገሪ፤ አንዳንዱ ግፊት ያወጣል።

ምናልባት ልቡ ላይ ችግር ቢገኝ ሌላ አማራጭ አለ፤ እሱን ከሐኪሙ ጋር ተመካከሪ። ብቻ አቶሞክሴቲን የሚባለውን ሌላ የትኩረት መድኃኒት «አነቃቂ አይደለም» ብለው ቢሰጡሽ እሱም ምትን ይጨምራል፤ መለካቱን እንዳትተዪ።