መልስ፦ ፕሮቶቡፍን በፖስትግሬስ ኤክስቴንሽን መደገፍ

ወንድሜ፣ «የፕሮቶቡፍ (መረጃን ወደ ባይት የሚያሽግ ቅርጸት) መልእክቶችን እንደ ጥሬ ባይት እያስቀመጥኩ ነው፤ ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ የራሴን ታይፕ (የዳታ ዓይነት) በኤክስቴንሽን፣ ማለትም በተጨማሪ ሞጁል፣ ብሠራስ?» ብለሃል። ሥራ፤ ግን ሲ ኮድ ከመክፈትህ በፊት ስኪማው (የእያንዳንዱን ፊልድ ስም፣ ቁጥርና ዓይነት የሚዘረዝረው መግለጫ) የት እንደሚኖር ወስን።

ፕሮቶቡፍ የፊልድ ስም አይጽፍም፣ ቁጥር እንጂ። እነዚህን ሦስት ባይቶች በሄክስ እያቸው፦ 08 96 01። የመጀመሪያው «ፊልድ 1፣ ቫሪንት (ርዝመቱ የሚለዋወጥ ሙሉ ቁጥር)» ማለት ነው፤ ቀሪዎቹ ሁለቱ 150 ናቸው። ዕድሜ ይሁን ዋጋ ባይቶቹ አይነግሩህም። ይባስ ብሎ ፊልዱ ሲንት32 (አሉታዊ ቁጥሮችን በተለየ መንገድ የሚኮድ ዓይነት) ተብሎ ከታወጀ ያው ባይት 75 ሆኖ ይነበባል!

ስኪማውን ቴብል ውስጥ አስቀምጠህ በስም መፈለግ ያምራል፤ ችግሩ ኢንዴክስ ላይ ይመጣል። የኤክስፕረሽን ኢንዴክስ (በፈንክሽን ውጤት ላይ የሚሠራ የፍለጋ ማውጫ) ኢሚውተብል ፈንክሽን፣ ማለትም ለአንድ ግብዓት ሁልጊዜ ያንኑ መልስ የሚሰጥ፣ ይፈልጋል፤ ቴብል የሚያነብ ፈንክሽን ደግሞ ቢበዛ ስቴብል ነው፣ መልሱ የማይቀየረው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ብቻ ነው። ዋሽተህ ኢሚውተብል ብትለው ስኪማው በተቀየረ ማግስት ኢንዴክስህ የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል። እኔ ብሆን የፊልድ ቁጥሩንና ዓይነቱን በአርጊውመንት የሚቀበል ፈንክሽን እሠራለሁ፤ ስሙን አፕሊኬሽኑ ይተርጉመው።

ባይቶቹን ስትቀበል ርዝመት ፈትሽ፤ በጽሑፍ ግቤቱ ብቻ ሳይሆን ብዙዎች በሚረሱት በባይነሪ መቀበያው ፈንክሽንም (ደንበኛው ዋጋውን በጥሬ ባይት ሲልክ የሚጠራው)። «500 ባይት ይከተላል» የሚል መልእክት 3 ባይት ብቻ ይዞ ከመጣና ኮድህ ካመነው፣ ከመልእክቱ አልፎ ሜሞሪ አንብቦ ፕሮሰሱን ሊጥለው ይችላል፤ አንዱ ፕሮሰስ ሲወድቅ ደግሞ ፖስትግሬስ የሌሎቹንም ኮኔክሽን ቆርጦ ወደ ሪከቨሪ (ዳታውን ወደ ትክክለኛ ሁኔታ ወደ መመለስ) ይገባል። (በሥራ ሰዓት ደርሶብኛል፣ አይመከርም።)

ስኪማ መያዙ ከከበደህ ሲቦር ወይም መሴጅፓክ የተባሉት ሌሎች የባይነሪ ቅርጸቶች ይሻሉሃል፤ ዓይነቱን ከነዋጋው ይዘው ይዞራሉ፣ ቦታ ግን ይበላሉ።