ቁጥሩ እየታየ ቪሉካፕ «ኤን/ኤ» ሲል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አንዱ የኤክሴል ሺት ላይ የሠራተኞች መለያ ቁጥር አለሽ፤ ሌላው ላይ መለያ ቁጥርና ደመወዝ። ደመወዙን በቪሉካፕ (VLOOKUP፣ መለያውን ከሌላ ዝርዝር ፈልጎ ከጎኑ ያለውን የሚያመጣ ፎርሙላ) ስታመጪ ግማሹ «ኤን/ኤ» (#N/A፣ አላገኘሁትም) ይላል፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይታያል። እኔም በዚህ ነገር ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎርሙላው አይደለም፤ የዳታው ነው።

ስለዚህ ፎርሙላውን ለጊዜው ተዪው። መገናኘት ሲገባቸው ያልተገናኙ ሁለት ሴሎች ውሰጂ፤ ኤ2 እና የሌላው ሺት ዲ7 ይሁኑ። ባዶ ሴል ላይ =A2=Sheet2!D7 ብለሽ ጻፊ፤ Sheet2 የሌላው ሺት ስም ነው። ፎልስ (FALSE፣ እኩል አይደሉም) ካለሽ ለዓይንሽ አንድ ይምሰሉ እንጂ ለኤክሴል የተለያዩ ናቸው። ቀጥለሽ በሌን (LEN) የእያንዳንዱን ርዝመት ቁጠሪ። ለእኔ ነገሩ የገባኝ «1045» ርዝመቱ 5 ነው ሲለኝ ነበር። ለካ መጨረሻው ላይ ስፔስ አለ! ትሪም (TRIM) ያጠፋዋል። ከዌብሳይት የተቀዳ ከሆነ ግን ትሪም የማይነካው ሌላ ዓይነት ስፔስ ይኖራል፤ ኮዱ 160 ነው። እሱን በሰብስቲቱት በባዶ መተካት ያስፈልጋል፦ =SUBSTITUTE(A2,CHAR(160),"")።

ርዝመታቸው እኩል ሆኖ እምቢ ካለ፣ አንዱ ቁጥር ሌላው ቴክስት መሆኑን ጠርጥሪ። አሰላለፉን ካልነካሽው ቴክስት ወደ ግራ ይጠጋል፣ ቁጥር ወደ ቀኝ። ትሪም ያደረግሽውም ቴክስት ሆኖ ነው የሚወጣው። በ1 ስታባዢው ቁጥር ይሆናል። መለያው በ0 የሚጀምር ከሆነ ግን እንዳታባዢው፤ ዜሮው ይጠፋል። ያኔ ሁለቱንም ወገን ቴክስት አድርጊ።

እኔን ከ«ኤን/ኤ» በላይ የሚያስፈራኝ ትክክል የሚመስል የተሳሳተ መልስ ነው። ቪሉካፕ መጨረሻው ላይ ፎልስ ወይም 0 ካልጻፍሽለት ተቀራራቢውን ይፈልጋል። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ የሌላ ሰው ደመወዝ አምጥቶ ዝም ይላል። ይህ ደርሶብኝ ያወቅኩት አንዲት ሠራተኛ «ይሄ የእኔ አይደለም» ስትለኝ ነው። ደመወዝ የሰው ኑሮ ነው፤ እባክሽ ይህቺን ነገር አትዝለያት።

ፎርሙላውን ወደ ታች ስትጎትቺ የምትፈልጊበት ቦታ አብሮ እንዳይወርድ በኪቦርዱ ኤፍ4 (F4) ቆልፊው። አንድ መለያ ሁለቴ ካለ ቪሉካፕ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ቀድመሽ እያንዳንዱ መለያ ስንት ጊዜ እንዳለ በካውንትኢፍ (COUNTIF) ቁጠሪ።

ኤክሴልሽ 365 ወይም 2021 ከሆነ አዲሱን መፈለጊያ ኤክስሉካፕን (XLOOKUP) ልመዱ እላለሁ፤ ለሁላችሁም። ካልነገሩት በቀር ትክክለኛውን ብቻ ይፈልጋል፤ ወደ ግራም ያያል። ቪሉካፕ ግን ከሚፈልግበት ኮለም ወደ ቀኝ ያለውን ብቻ ነው የሚያመጣው። በአሮጌው ኤክሴል ኢንዴክስና ማች (INDEX፣ MATCH) አንድ ላይ ያንኑ ይሠራሉ።

በስህተቱ ፋንታ ሌላ ነገር የሚያሳየውን ኢፍኤረርን (IFERROR) አሁን አትጨምሪበት፤ የቱ እንዳልተገናኘ ይሸፍንብሻል። መጀመሪያ የሌንን ውጤት ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።