ስማርት ቆጣሪ ብቻውን የምሽቱን መብራት አያረጋጋም

ጠያቂያችን ለምሥራቅ ጎጃም ከተሞች የኤሌክትሪክ እቅድ እያዘጋጁ መሆኑን ገልጸው፣ በየቤቱ ስማርት ቆጣሪ (ፍጆታን በየሰዓቱ መዝግቦ በኔትወርክ የሚልክ ቆጣሪ) ቢገባ የምሽቱ መዋዠቅና መቋረጥ ይቀር እንደሆነ ጠይቀዋል። በጎጃም ከተሞች በስርጭት መስመር ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርዎ። ቆጣሪው በመግባቱ ብቻ አይቀርም። ቆጣሪ ይመዘግባል እንጂ ጭነት አያቃልልም። ጭነቱን የሚያቃልለው ተጠቃሚው ነው፤ እርሱም ምጣዱን ከምሽት ወደ ቀን የሚያዞረው የሚያተርፍለት ነገር ካለ ነው።

በእቅድዎ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የአቅም ጥበቱ የት ላይ እንደሆነ ይለይ። የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋዋት ይዞ አጠገባችን ነው፤ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ከበለስ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ መሀል አገር የሚሄደው የ400 ኪሎቮልት መስመር በደጃችን ያልፋል። እኔ በሠራሁባቸው ሰፈሮች ማታ ማታ መብራቱ የሚደክመው ከማከፋፈያ ጣቢያው ወዲህ ባለው ችግር ነበር፦ የረዘመ መስመር፣ የቀጠነ ሽቦ፣ አቅሙ የሞላ ትራንስፎርመር። ስለዚህ ፍላጎትን ከሰዓት ሰዓት ማሸጋገር ለእኛ የሚጠቅመው ግድብ ለማገዝ ሳይሆን የሰፈሩን ትራንስፎርመር ለማዳን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ባለ 100 ኪሎቮልት አምፔር ትራንስፎርመር 28 ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢበሩ ሞላ ማለት ነው፤ አምፖሉ፣ ማቀዝቀዣውና ወፍጮው ገና አልተቆጠሩም። በፋሲካ ዋዜማ የፊውዝ መቃጠል የሚበዛበት ምክንያት ይኸው ነው። በሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከኩረንቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። የአንድን መስመር ኩረንት በግማሽ ብንቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጥቂት ጭነት ማንሳት ብዙ የሚያተርፈው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ፣ መሆኑም አይቀርም፣ ከየቤቱ በፊት በየትራንስፎርመሩ ላይ መለኪያ ይተከል። በየ15 ደቂቃው የሦስቱን ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ ኃይል ይዘው የሚወጡትን ሦስት ሽቦዎች) ጭነት የሚመዘግብ መሣሪያ በአንድ ወር ውስጥ የሚነግረን ብዙ ነው። ሞልቷል ተብሎ ምትክ ሲጠየቅለት የቆየ ትራንስፎርመር ሲለካ አንዱ ፌዝ ተጨናንቆ ሌላው ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ላይ ሆኖ አግኝተናል። ቤቶቹን ከፌዝ ፌዝ አዛወርን፤ ቅሬታው ረገበ፤ አዲስ ትራንስፎርመርም አልተገዛም። ይህን ሥራ ያለ መለኪያ ማንም በግምት ሊሠራው አይገባም። የስልክ ኔትወርክ ይቋረጣል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ነገር ግን መረጃውን በራሱ ላይ አስቀምጦ ኔትወርኩ ሲመለስ የሚልክ መሣሪያ ከተመረጠ ለእቅድ ሥራ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ጭነት ሊያሸጋግሩ የሚችሉትን ይፈልጉ። ከሺህ ቤት ጋር ከመነጋገር ከአሥር ወፍጮ ቤቶችና ከከተማው የውሃ አገልግሎት ጋር መስማማት ይቀላል። የውሃ ፓምፕ እጅግ የተመቸ ነው፤ ማጠራቀሚያው ሌሊት ከሞላ ምሽት ላይ ሞተሩ ቢቆም ማንም ቧንቧው አይደርቅበትም። ባለ ወፍጮዎች ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እንዲያቆሙ ስንጠይቃቸው በገበያ ቀን አይሆንልንም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እህል ይዞ ከሩቅ የመጣ ገበሬ ሳያስፈጭ አይመለስም። በሌሎቹ ቀናት ግን ተስማሙ። ስምምነቱን ያጸናው ምክር ሳይሆን፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተራቸው እንደሚቃጠል ራሳቸው ማወቃቸው ነበር።

ለመኖሪያ ቤት ግን ዋጋው በሰዓት ካልተለየ አይሠራም። የቤት ታሪፋችን የሚሰላው በወር በተጠቀምነው መጠን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሌሊት ብትጋግርም ምሽት ብትጋግርም እናታችን የምትከፍለው ያው ነው። የሰዓት ታሪፍ ደግሞ ከተማ ወይም ዞን የሚወስነው ስላልሆነ፣ በእቅድዎ ውስጥ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚቀርብ ጥያቄ አድርገው ይጻፉት።

የውጭ ልምድ ሲጠቅሱ ጥንቃቄ ያድርጉ። ጣሊያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ 30 ሚሊዮን ገደማ ቆጣሪ ቀይራለች፤ ነገር ግን እዚያ የተለመደው የቤት ውል 3 ኪሎዋት ነው። ያንን ገደብ እንዳለ ብናመጣው አንዲት ምጣድ እንኳ አያሠራም። ፈረንሳይ ደግሞ ስማርት ቆጣሪ ከመምጣቱ ከአሥርት ዓመታት በፊት በራሱ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ምልክት እየላከች የውሃ ማሞቂያዎችን ሌሊት ታበራ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ለፓምፕና ለወፍጮ ተራ የሰዓት ማብሪያና ማጥፊያ መግጠም ለጅምር ይበቃል።

የከተማዎ የውሃ ፓምፕ ሞተር ስንት ኪሎዋት እንደሆነና ማጠራቀሚያው ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ጠይቀው ቢያሳውቁኝ፣ የሚተርፈውን ጭነት አብረን እናሰላዋለን።