ሽማግሌውን አናግሩት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። ዛሬም ከምትልኩልኝ ታሪኮች ደጋግሜ የምሰርዘው አንድ ነገር አለ። ተራኪው መሃል ላይ ዘው ይልና "ምን ያህል እንዳዘነ መገመት አያዳግትም" ይላል። ሐዘንተኛው ግን ቃል አልተነፈሰም።

እኔም በወጣትነቴ የባስኩ ነበርኩ። ያዳነኝ የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ነው፤ እሱ እንኳ ለዚህ ብሎ አልነበረም። "ሪፐብሊክ" በተባለው ድርሰቱ 3ኛ መጽሐፍ፣ ተናጋሪ አድርጎ ያቀረበው መምህሩ ሶቅራጥስ የኢሊያድን፣ የሆሜርን የጦርነት ግጥም፣ መነሻ ያነሳል። ክሪሴስ የሚባል አዛውንት ካህን የተማረከች ልጁን ሊያስለቅቅ ቤዛ ይዞ ወደ ግሪኮች መርከቦች ይመጣል። እስከዚህ የሚናገረው ሆሜር ነው። ከዚያ በኋላ ሆሜር ካህኑን ሆኖ ይናገራል። ሶቅራጥስ የፊተኛውን ተራ ትረካ፣ የኋለኛውን መምሰል ይለዋል።

ቀጥሎ ያንኑ ታሪክ ያለ ግጥም፣ በራሱ አንደበት ብቻ ይተርከዋል። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው። ሆሜር ጋ የግሪኮቹ አለቃ አጋሜምኖን "አለቃትም! ካገሯ ርቃ፣ አርጎስ፣ እኔ ቤት ጨርቅ ስትሸምን ታረጃለች" ይላል። ሶቅራጥስ ጋ ከእሱ ጋር አርጎስ ላይ ታረጃለች፣ በቃ። ሽመናው የለም። ሆሜር ጋ ሽማግሌው ሞገዱ በሚጮኸው ባሕር ዳር ዝም ብሎ ይሄዳል። ሶቅራጥስ ጋ ዝም ብሎ ይሄዳል። ባሕሩ የለም።

ልብ በሉ፣ ባሕሩን ያመጣው ተራኪው ነው። ተራኪ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ባሕሩን ያሳየን፣ ከዚያ አፉን ይያዝ።

ፕላቶ መምሰልን ይፈራ ነበር፤ ክፉን ሰው የሚመስል ክፋቱን ይለምዳል ባይ ነው። (የሚገርመው፣ መጽሐፉን ሙሉ የሚተርከው ሶቅራጥስን ሆኖ ነው።) ተማሪው አሪስቶትል ግን ሆሜርን የሚያመሰግነው ራሱ ጥቂት ብቻ ተናግሮ መድረኩን ለሌሎች ስለሚለቅ ነው። እኔ ከአሪስቶትል ጋር ነኝ። አማርኛችንም ያግዘናል፤ "እሄዳለሁ አለ" ስንል የሰውየውን "እኔ" እንዳለ ነው የምናስገባው።

ደግሞ ሆሜር ለጦርነቱ የመጡትን መርከቦች ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት ሙሳዎቹን፣ የግጥምና የጥበብ አማልክቱን፣ ይለምናል። እናንተ አማልክት ናችሁ፣ ሁሉን ታውቃላችሁ፤ እኛ ወሬ ብቻ ነው የምንሰማው ይላቸዋል። ያን ያህል ታላቅ ተራኪ፣ ከየት እንዳወቀ መናገር አላሳፈረውም። ጽሑፋችሁ ዳር ላይ በቀይ "ይህን ማን ነገረህ?" ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው።