ከጊታራችሁ የሚወስደውን ሣጥን እወቁት

ውድ ወጣቶች፣

በየመድረኩ ኬብል ስዘረጋና ስጠቀልል ፀጉሬ ሸብቷልና፣ ሥራ ስጀምር ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር ልጻፍላችሁ። ነገሩ ጊታርንና ቤዝ ጊታርን ከሚክሰር ጋር ስለሚያገናኘው ፓሲቭ ዳይሬክት ቦክስ ነው። ብዙዎቻችሁ «ባትሪም መብራትም ስለማይፈልግ ምንም አይወስድም» ትላላችሁ። ይወስዳል፤ የሚወስደውም ከጊታራችሁ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ትራንስፎርመር ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ የመግቢያው ሽቦ ዙር ከመውጫው 12 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ሲግናሉ 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ስለሚል፣ መውጫው የሚሰካው ሚክሰሩ የማይክሮፎን መግቢያ ላይ ነው። ኢምፒዳንሱን (ለሲግናሉ የሚያሳየውን የመቋቋም መጠን) በተመለከተ ግን 12 በራሱ ተባዝቶ 144 ይሆናል፤ ስለዚህ የሚክሰሩ መግቢያ 1,500 ኦም ከሆነ ጊታሩ ከፊቱ የሚያገኘው 200,000 ኦም አካባቢ ነው። ባትሪ የሌለው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታሩ ክፍል) ግን የለመደው የአምፕሊፋየርን 1 ሚሊዮን ኦም ስለሆነ፣ ኦሙ አንሶ ሸክሙ ሲከብድበት በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው።

ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ የቤዝ ተጫዋች ድምፁ ቢታፈንብኝ፣ ጥፋቱን በክሩ ላይ አሳብቤ አዲስ ክር አስገዝቼዋለሁ። አዲሱም ክር እንደ አሮጌው ታፈነ። ሚክሰሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ ብጨምር ሽሽሽ የሚለው ብቻ ጎላ። በመጨረሻ ቦርሳው ውስጥ የነበረውን በፈር (ሸክሙን ከፒካፑ ላይ የሚያነሳ ሰርኪት) ያለው ፔዳል አውጥተን በቤዙና በሣጥኑ መካከል ብንሰካው፣ ጣቱ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ወዲያው ተመለሰ። ለክሩ ያወጣውን ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።

ስለዚህ ሣጥኑን ከመሰካታችሁ በፊት ከእሱ በፊት ምን እንዳለ እዩ። ባትሪ ያለው ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ወይም በፈር ያለው ፔዳል ከሆነ ፓሲቩ ሣጥን እጅግ ይስማማዋል፤ የራሱ ፕሪአምፕ (ሲግናል ማጉያ) የሌለው የፒየዞ ፒካፕ (ብዙ ጊዜ አኩስቲክ ጊታር ላይ ያለው) ከሆነ ግን አክቲቩን፣ ማለትም በባትሪ ወይም በመብራት የሚሠራውን ሣጥን፣ ፈልጉ። ዲስቶርሽን ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ በየትኛውም ሣጥን በቀጥታ ቢገባ ጆሮ ይቧጥጣል፤ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ የሚያስቀርለት የጊታር ስፒከር ከመንገዱ ስለጠፋ ነው። ከጊታር እስከ ሣጥኑ ያለው ኬብል ከ6 ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ከሣጥኑ እስከ ሚክሰሩ ግን 50 ሜትርም ቢሆን አያሳስብም። የአምፕሊፋየርን የስፒከር መውጫ፣ ሣጥኑ ለዚያ ተብሎ ካልተሠራ በቀር፣ በፍጹም አትሰኩበት።

ጉርምርምታ ሲሰማ ሣጥኑ ላይ ያለውን ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ቁልፍ ሞክሩ። ቁልፉ የሚያቋርጠው በሲግናል ኬብሉ በኩል ያለውን የግራውንድ ግንኙነት ብቻ ነው። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብለው የአምፕሊፋየሩን ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን የደህንነት ሽቦ) የሚነቅሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን አምፕሊፋየር ማንም ሙዚቀኛ እንዲነካው አልፈቅድም፤ በእጁ የጊታሩን ክር እንደያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሊነካ ይችላልና።